ዲፍ ሎክ ስትመርጡ ሰኞ ጠዋትን አስቡ

የዲፍ ሎክ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማ አብረው እንዲዞሩ የሚቆልፈው ዕቃ፣ ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ገደሉ ነው። ስለ ጭቃው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለዚያ ማንም ስላልወጣው ዳገት። ቪዲዮዎቹም እንደዚያው ናቸው። መኪናው አንድ እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቋጥኝ ይወጣል፣ ዙሪያውን የቆሙት ያጨበጭባሉ። ሰኞ ጠዋት፣ ዝናብ እየጣለ፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፣ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፉ ወደ መገናኛ ስለ መውረድ የሚያወራ አላየሁም። የኔ መኪና ግን ዕድሜዋን የምትጨርሰው እዚያ ነው።

መኪናዬ ሃይሉክስ ቪጎ ናት። ናፍጣ፣ ደብል ጋቢና፣ በእጅ ማርሽ። በሥራ ቀን ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ ገበያ ትመላለሳለች። ከዚያ ደግሞ ለሥራም ለዘመድ ጥየቃም ጣርማ በርን አልፌ ወደ መንዝ እወጣለሁ። ዋናው መንገድ ምንም አይልም። ጣጣው የሚጀምረው ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ ስትገነጠሉ ነው፤ ጎርፍ የቦረቦረው፣ ድንጋይ የበዛበት፣ ወንዝ የሚያቋርጥ መንገድ። ሁለተኛ መኪና የለኝም። ገደሉንም መገናኛንም የምትችለው ያቺው አንዷ ናት።

ስለዚህ ዲፍ ሎክ ላስገባ ስነሳ የትኛው ይበልጥ ይጎትታል የሚለው ብዙም አላሳሰበኝም። መቆለፊያ ከተባለ ሁሉም ይጎትታል። እኔ የፈለግኩት ሳልጠራው ጭራሽ እንደሌለ የሚሆነውን ነው።

እስቲ ከሥሩ እንነሳ። መኪና ሲዞር የውጪው ጎማ ከውስጡ የበለጠ ርቀት ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ታስረው ቢሆን ኖሮ አንዱ የግድ ይንሸራተት ነበር። ኦኔሲፎር ፔኬር የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ፣ በፈረንጆቹ 1820ዎቹ መጨረሻ፣ ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ይህን ችግር የሚፈታ ዲፈረንሻል ሠራ። ዛሬ መኪናችን ሥር ያለው በመሠረቱ ያው ነው። ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል፣ ጉልበቱን ግን እኩል ያካፍላል።

ያ እኩልነት ነው ጉድ የሚሠራው። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ለመዞር ምንም ጉልበት አይፈልግም። መሬት የያዘው ጎማም የሚደርሰው ያንኑ ያህል ነው፤ ማለትም ምንም። ሁለት በሬ ጠምዳችሁ አንዱ ቢተኛባችሁ፣ ሌላው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ትልም አያወጣላችሁም። ሞተሩ ይጮኻል፣ የተንጠለጠለው ጎማ ይሽከረከራል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

«ፎር ዊል እኮ ነው» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ቪጎ ላይ ፎር ዊል ስታስገቡ የፊቱና የኋላው ዘንግ ይያያዛሉ። በየዘንጉ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ግን ክፍት እንደሆነ ይቀራል። አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ በሰያፍ ከተንጠለጠሉ አራቱም ጎማ አለ ብላችሁ የተማመናችሁበት መኪና ሁለት ጎማውን አየር ላይ እያሽከረከረ ይቆማል። ቪጎ ፊቷ እንደ ኋላው ባለ አንድ ወጥ አክስል ስላልሆነ ጎማዋን ቶሎ ታነሳለች። የድሮዎቹ ሃርድቶፖች በዚህ ይሻላሉ።

ምናልባት ሳታውቁት የሆነ ነገር ቀድሞ ገብቶላችሁ ይሆናል። በተለይ ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁ ይህን ማጣራት ዋጋ አለው። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ በድንጋይ አግዱ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማ አንሱና አስተማማኝ መደገፊያ ላይ አስቀምጡ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ካምቢዮው ፎሌ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩት። ሌላው በተቃራኒ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ክፍት ነው። በአንድ አቅጣጫ አብሮ ከዞረ ውስጡ መንሸራተትን የሚገድብ ነገር፣ ወይም መቆለፊያ፣ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ በአክስል ስዕል ላይ የኤክስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ካያችሁ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ አስገብቶላችኋል፤ ደስ ይበላችሁ።

አዳዲሶቹ መኪናዎች ሌላ መንገድ መጥተዋል። ባዶ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዙታል፤ ፍሬኑ ሲይዘው ጉልበት «የሚበላ» ጎማ ይሆናል፣ ለሌላውም ያንኑ ያህል ይደርሰዋል። የቶዮታው ኤ-ትራክ እንዲህ ነው የሚሠራው። በከተማ የማይሰማ፣ ዝናብ ላይ የማያደናግር፣ ጥሩ ሥራ ነው። አዲስ ፕራዶ ያለው ሰው ዲፍ ሎክ ላስገባ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ያለህን መጠቀም ልመድ ነው የምለው። ነዳጁን ሳትለቁ፣ በዝግታ፣ እንዲሠራ ጊዜ መስጠት ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ጎማው ከተንሸራተተ በኋላ መድረሱ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ይግላል። ቪጎ ግን አብዛኛዋ ይህ የላትም፣ የኔም የላትም።

አሁን ወደ ምርጫው።

አንደኛው መንገድ ዲፈረንሻሉን ለዘላለም ማሰር ነው። ውስጡ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች በየዳ ማጣበቅ። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ለእርሻ ብቻ ለሚውል አሮጌ መኪና ይሁን እላለሁ። አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና ግን በየመታጠፊያው አንዱ ጎማ እየተፋቀ ይሄዳል፣ አክስሉም አንድ ቀን ይቆረጣል። አልፈነዋል።

ሁለተኛው ራሱን በራሱ የሚቆልፈው ነው፤ ዲትሮይት ሎከር፣ ሎክ ራይት የሚባሉት ዓይነቶች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዋጋው የሚሳበው በዚህ ነው። አንዳንዶቹ በነበረው የዲፈረንሻል ቤት ውስጥ ትንንሾቹን ጥርሶች ብቻ ተክተው ይገባሉ። ኮሮናና ፒኞኑን፣ ማለትም ከሞተር የመጣውን ጉልበት ወደ ጎማዎቹ የሚያዞሩትን ሁለት ዋና ጥርሶች፣ መንካት አያስፈልግም። ሽቦ የለ፣ ቱቦ የለ፣ የሚጫን ቁልፍ የለ። ገደል ላይ ደግሞ እንከን አታወጡለትም፤ ሳትጠይቁት ሁለቱንም ጎማ ይነዳል።

ወደ ሰኞ ጠዋት ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ይህ ዕቃ ተቆልፎ ነው የሚውለው። የሚፈታው ስትዞሩ የውጪው ጎማ ቀድሞ መሄድ ሲፈልግ ነው፣ ያኔ ቀጭ ቀጭ ይላል። አደባባይ ውስጥ ነዳጅ ረግጣችሁ ስትዞሩ ግን ሁለቱንም ጎማ እኩል መግፋት ይጀምራል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። እግራችሁን ስታነሱ በድንገት ይለቃል፣ ጓ ይላል፣ ጭራው ይወዛወዛል። በእጅ ማርሽ መኪና ላይ ይህ ይብሳል፣ ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር ጉልበቱ ይቋረጣላ። ደረቅ አስፋልት ላይ ይለመዳል ይላሉ፣ እውነትም ይለመዳል። የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ አስቡት ግን። የበጋው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተደባልቆ አስፋልቱ ሳሙና ሲሆን። ባዶ ፒካፕ ደግሞ ኋላዋ ቀላል ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ከተንሸራተቱ መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጎማ አይኖርም።

መኪናውን የምነዳው እኔ ብቻ ብሆን ምናልባት እለምደው ነበር። ባለቤቴም ትነዳዋለች። ወንድሜም አንዳንዴ ይዋሳታል። ቁልፍ ስሰጥ «አደባባይ ላይ ስትደርስ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ» የሚል ማስጠንቀቂያ አብሬ መስጠት አልፈልግም።

ሦስተኛው መንሸራተትን የሚገድበው ነው። እሱም ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ሸራዎች የተደረደሩበት ነው። የራሱን ዘይት ይፈልጋል፣ ከጊዜ ጋር ሸራው ያልቃል፣ ካለቀ በኋላ ክፍት ዲፈረንሻል ነው። ሌላው ሙሉ በሙሉ በጥርስ የሚሠራው ነው፤ ቶርሰንና ትሩትራክ የሚባሉት። ይህን እወደዋለሁ። ዝናብ ላይ፣ ጠጠር ላይ፣ ኮብልስቶን ዳገት ላይ ምንም ሳይጮህ ሥራውን ይሠራል፤ የሚያልቅ ሸራም የለውም። ድክመቱ አንድ ጎማ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ነው። ያለውን ጉልበት ያበዛል፣ ዜሮን ግን አያበዛም። ያኔ ፍሬኑን በቀስታ እየረገጡ ነዳጅ መስጠት ይረዳል። ከአስፋልትና ከጠጠር ብዙም ለማይወጣ ሰው ይህንን ነው የምመክረው። የኔ የመንዝ መንገድ ግን ጎማ የሚያንጠለጥል መንገድ ነው።

አራተኛው በቁልፍ የሚታዘዘው ነው። ስታጠፉት ክፍት ዲፈረንሻል ነው፣ ስታበሩት ሁለቱ ጎማዎች አንድ ይሆናሉ። ዋጋው ከሁሉም ይብሳል፣ ሥራውም ይበዛል። ሰኞ ጠዋት ግን የለም። ባለቤቴ ስትነዳ የለም። እኔ የመረጥኩት ይህንን ነው፣ ለኋላው ብቻ።

ለምን ለኋላው? ዳገት ስትወጡ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መሬት የሚይዘውም ጉልበት የሚያስፈልገውም የኋላው ነው። ፋብሪካዎቹም እንዲህ ነው የሚያስቡት። የፊትና የኋላ መቆለፊያ ይዞ የሚመጣ ላንድክሩዘር 70 ላይ ማዞሪያው መጀመሪያ የኋላውን፣ ከዚያ ነው የፊቱን የሚቆልፈው።

በአየር ወይስ በኤሌክትሪክ? እዚህ ላይ ከመካኒኬ ጋር ተከራክረናል። እሱ የአየሩ ወገን ነው። የአውስትራሊያው ኤአርቢ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጠው ዓይነት፤ ትንሽ ኮምፕሬሰር ሞተሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ በቀጭን ቱቦ አየር ወደ ዲፈረንሻሉ ትልካለች። በዚያችው ኮምፕሬሰር ጎማም ትነፋላችሁ፣ ገጠር ላይ ጎሚስታ ከየት ይመጣል? እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ ቱቦው ነው። ድንጋይ ይመታዋል፣ የጭስ ማውጫ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ውስጥ ያለችው ኦሪንግ የምትባል የጎማ ቀለበት ታፈሳለች። «ልጄ» አለኝ፣ «አየር ካፈሰሰ ይሰማል፣ እኔም እጠግነዋለሁ። የኤሌክትሪኩ ኮይል ከተቃጠለ ግን መልሱ ያለው ዱባይ ነው።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ጎማ መንፊያ ተንቀሳቃሽ ኮምፕሬሰር ስለነበረኝ ኤሌክትሪኩን መረጥኩ። እሱ ግን እስካሁን ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም፤ ጽሑፉ ሳይነበብ ይለወጣል። በዚያው ዓመት የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያለንን አሮጌ መኪና መያዝ፣ መጠገን፣ ማሻሻል ግድ ሆኗል። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዲፍ ሎክ ያለበት የተፈታ ዲፈረንሻል ይፈልጋል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ሦስት ነገር ካጣራችሁ።

የመጀመሪያው የጥርስ ሬሾ ነው፤ ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ስንቴ ሲዞር ጎማው አንዴ እንደሚዞር ማለት ነው። ሃይሉክሶች ላይ 3.9፣ 4.1፣ 4.3፣ 4.5 ገደማ የሆኑ የተለያዩ አሉ። የኋላው ከፊቱ ጋር ካልገጠመ ፎር ዊል ባስገባችሁ ቁጥር ሁለቱ ዘንጎች እየተጣሉ ነው የሚሄዱት፤ በመጨረሻ የሚሰበረው መካከል ላይ ሆኖ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያደርሰው ትራንስፈር ነው። የአክስል ኮዱ መኪናው ላይ ባለችው የፋብሪካ ሳህን ተጽፏል፣ ፎቶ አንስታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሌላው የቶዮታው የኤሌክትሪክ ዲፍ ሎክ በክፍቱ አክስል ቤት ውስጥ ዝም ብሎ አይገባም። ቤቱ መቆረጥና አዲስ ቀዳዳ መበሳት አለበት፣ ወይም ከነአክስሉ መግዛት ነው። ይህን ሳይነግሯችሁ የሚሸጡ አሉ። በመጨረሻ ደግሞ ዲፍ ሎኩን የምትቆልፈውን ትንሽ ሞተር ባትሪ ላይ አስነክታችሁ ስትንቀሳቀስ እዩ።

አዲስ ብትገዙም ከዋጋው ያላነሰ የሚያስጨንቀው ገጣሚው ነው። ኮሮናና ፒኞኑ ሲገጣጠሙ መካከላቸው የሚተወው ክፍተት ቪጎ ላይ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ነው። ይህ በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይለካም። መለኪያ ሰዓት ይፈልጋል፣ ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ የሚነካካበትን ቦታ ማየት ይፈልጋል። ጋራዥ ስትገቡ መለኪያ ሰዓቱን አሳዩኝ በሉ። «እኛ በልምድ ነው» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ። በልምድ የተገጠመ ዲፈረንሻል በሰዓት 80 ኪሎሜትር ላይ ማልቀስ ይጀምራል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ይከተላል። የሃይሉክስ ጥሩ ነገር የኋላው ዲፈረንሻል ሙሉውን ከፊት ለፊት ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ መውጣቱ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ክፍለ ከተማ ማዶ ቢሆንም ተሸክማችሁ ትወስዱለታላችሁ።

ከገባ በኋላ አንድ ነገር ቶሎ ትማራላችሁ፤ ጥቁር አፈር ላይ ዲፍ ሎክ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። አገራችን ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ አፈር አለ። ክረምት ላይ ይህ ዋልካ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፣ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ያኔ የሚጎድለው ጉልበት አይደለም፣ መያዣ ነው። ክፍት ዲፈረንሻል ላይ አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ መኪናውን ከጎን መንሸራተት ይይዘዋል። ስትቆልፉ ሁለቱም ይሽከረከራሉ፣ ከጎን የሚይዝ የለም። መሃሉ ከፍ ያለ መንገድ ከሆነ ጭራው ቀስ ብሎ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ወደ ጎን ያዘመመ የገደል ጫፍ ላይም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አጠፋዋለሁ።

የሚሠራበት ቦታ ሌላ ነው። ጎርፍ የቦረቦረው ደረቅ ዳገት። የወንዝ መውጫ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን። እዚያ ከመድረሴ በፊት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቆሜ ፎር ሎው፣ ማለትም ዝግ ያለውን የፎር ዊል ማርሽ፣ አስገብቼ እቆልፋለሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጥርሶቹ ገና አልተያያዙም ማለት ነው፤ ግማሽ ሜትር ወደፊት ሄድ ማለት ይበቃል። እየተሽከረከረ ባለ ጎማ ላይ ቁልፉን መጫን ግን ዕቃውን መስበር ነው። ከዚያ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ሞተሩ በራሱ ጊዜ እየገፋ አልፋለሁ። ድሮ ተንደርድሬ የምሞክረው ዳገት አሁን በእግር ጉዞ ፍጥነት ይታለፋል። ባሌስትራውም ያመሰግነኛል።

አሸዋ ላይ ደግሞ፣ ወደ ቱርሚ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ደረቅ ወንዝ ስታቋርጡ መጀመሪያ ነፋሱን አውጡ። ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ ወይም ትንሽ ዝቅ። ያ ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፣ ዲፍ ሎኩ ሳይነካ። የጎማ ጥራትም እንዲሁ ነው። ያለቀ የአስፋልት ጎማ ለብሶ ዲፍ ሎክ የሚገዛ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሁለት ልሙጥ ጎማ አብሮ እንዲሽከረከር ነው የከፈለው።

ለማቆየት ብዙ አይፈልግም። ወንዝ ውስጥ ከገባችሁ የዲፈረንሻሉን ዘይት እዩ፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ይቀየር። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ ከፍ ወዳለ ቦታ ቢሳብ ጥሩ ነው። የፋብሪካ የቶዮታ ዲፍ ሎክ ያላችሁ ደግሞ በየወሩ አንዴ አፈር ላይ አብሩና አጥፉት። ዓመት ሙሉ ካልተነካ ሞተሯ በዝገት ትነክሳለች፣ የሚያስፈልጋችሁ ቀን ላይ ዝም ትላለች። አንዳንድ መኪናዎች ላይ ሲቆለፍ ኤቢኤሱ ይጠፋል፣ መብራቱን አይታችሁ አትደንግጡ። ከአፈሩ ስትወጡ ግን ማጥፋታችሁን አረጋግጡ።

የፊቱንስ አታስገባም ወይ ይሉኛል። ቪጎ ላይ የፊት ዲፈረንሻል ሲቆለፍ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ተጠምዞ ሳለ ነዳጅ ከተረገጠ ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በፊቱ የአክስል መጋጠሚያዎች ላይ ነው። መንዝ መንገድ ላይ እሱ ቢሰበርብኝ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚጎትተኝ መፈለግ አለብኝ። የኋላው ብቻውን ያላሳለፈኝ ቦታ ሲያጋጥመኝ እስካሁን ወርጄ ድንጋይ አስተካክላለሁ። የፊቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል።